ልማድ የት ያድራል?

በተማሪዎች ማኅበር የዓርብ ማታ ጉባኤ ላይ የተነገረ



ዛሬ ማታ እንድንናገርበት የተሰጠን አርእስት ልማድ ነው። አርእስቱ ለሁሉ የታወቀ መሆኑ ሥራችንን አላቀለለውም፤ እንዲያውም አክብዶታል። ንግግሩ ስለ ጨረቃ ወይም ስለ ባሕር ጥልቀት ቢሆን ኖሮ የሚሰማን ሰው የተነገረውን ተቀብሎ ይሄድ ነበር። ስለ ልማድ ሲሆን ግን ከመካከላችን ሊቅ ያልሆነ የለም። ሁሉም የራሱን ፍርድ ይዞ መጥቷል። ፍርዱም ሲመረመር ባብዛኛው አንድ ነው፤ ይኸውም ሰው ክፉ ልማዱን የማይተወው፥ በጎውንም የማይዘው ቍርጥ ፈቃድ ስለ ጐደለው ነው የሚል ነው። ሰነፍ ነው፥ ልቡ ደካማ ነው፥ ወኔ የለውም እንላለን። ተረቱም ያግዘናል፤ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል።

ይህ ፍርድ በኛ አስተያየት ከግማሽ በላይ ስሕተት ነው። ስሕተቱ በጨዋታ ላይ ብቻ የሚቀር ቢሆን ባልተናገርንበት ነበር፤ ነገር ግን በዚህ ግቢ ውስጥ ሰው ይጎዳል። በየዓመቱ ከመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና በኋላ ሻንጣቸውን ይዘው የሚሄዱ ጓደኞች አሉን። ከየአገሩ ማዕዘን የመጡ፥ በትምህርት ቤታቸው አንደኛና ሁለተኛ ይወጡ የነበሩ፥ መንደሩ ሁሉ መርቆ የላካቸው ናቸው። በአራትና በአምስት ወር ውስጥ ስንፍና ከየት መጣባቸው? ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። እነርሱም አይጠይቁም፤ በራሳቸው ላይ ፈርደው ይሄዳሉ። ማርኩ ያልፋል፤ ይህ ፍርድ ግን አብሯቸው ይኖራል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ዘመናቱን የምንጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ዊልያም ጄምስ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1890 ባሳተመው ትልቅ የሳይኮሎጂ መጽሐፍ ውስጥ ለልማድ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ልማድ ሥራን እንደሚያቀልልና ኅሊናም በትንንሹ ነገር ሁሉ እንዳይደክም እንደሚያሳርፈው አስረድቷል። ጫማችንን ስናስር የትኛውን እግር እንደምናስቀድም አናስብም፤ እንዲህ ያለውን ሁሉ ብናስብ ኖሮ ከቍርሳችን በፊት ደክመን በተቀመጥን ነበር። ይኸው ሊቅ የሰው ጠባይ በሠላሳ ዓመቱ ገደማ ይደርቃል የሚል ሐሳብም አለው። ከመካከላችን ብዙው ሠላሳ ስላልሞላው ይህ አያስደነግጠንም፤ መምህሮቻችንን ግን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ከርሱ በኋላ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1898 የድመቶቹን ነገር አሳተመ። የተራበች ድመት በሳንቃ ሣጥን ውስጥ ትዘጋለች፤ ምግቡ ከውጭ ይቀመጣል፤ በሩን የሚከፍተው መቀርቀሪያ ከውስጥ ነው። ድመቲቱ መጀመሪያ ትቧጭራለች፥ ትነክሳለች፥ ትጮኻለች፤ በዚህ መካከል በአጋጣሚ መቀርቀሪያውን ትነካና ይከፈትላታል። እንደገና ስትዘጋ ጊዜው ጥቂት ያጥራል፤ ደግሞም ያጥራል፤ በመጨረሻ እንደ ገባች ወዲያው ከፍታ ትወጣለች። ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው ቶርንዳይክ ለዚህ የሰጠውን ትርጓሜ ነው። ድመቲቱ የመቀርቀሪያውን አሠራር አስባ አልተረዳችም፤ በሣጥኑና በእግሯ እንቅስቃሴ መካከል ማሠሪያ ተበጀ እንጂ። ሣጥኑ ሲታይ እግሩ ይነሣል። እንግዲህ ልማድ ማለት ይህ ማሠሪያ ነው። አንደኛው ጫፍ በኛ ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው ጫፍ ግን ከኛ ውጭ ነው፤ በቦታው፥ በሰዓቱ፥ በሚሸተው ነገር፥ አጠገባችን በሚቀመጠው ሰው ላይ ታስሯል። ስንመክርም ሆነ ስንሳደብ ሁልጊዜ የምንጐትተው የውስጡን ጫፍ ብቻ ነው።

የውስጡ ጫፍም ቢሆን እኛ በምናስበው ቦታ አይገኝም። ሄንሪ ሞሌይሰን የተባለ አሜሪካዊ የሚጥል በሽታ ስለ ነበረበት በ1953 የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በሽታው ተሻለው፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር በአእምሮው መያዝ አቃተው። ያነጋገረውን ሰው ጥቂት ቆይቶ ሲያየው አያውቀውም። ብሬንዳ ሚልነር የተባለች የካናዳ ሳይኮሎጂስት ይህን ሰው በመስተዋት ውስጥ እየተመለከተ የኮከብ ሥዕል በእርሳስ እንዲከተል አደረገችው። ሥራው ለማንም ሰው መጀመሪያ አስቸጋሪ ነው። ሞሌይሰን በሦስት ቀን ውስጥ እጁ እየቀና ሄደ። በየጠዋቱ ግን ይህን ሥራ ከዚያ በፊት እንደ ሠራው ከቶ አያስታውስም ነበር። ከዚህ የምንማረው፥ እጅ የለመደውና ኅሊና የሚያስታውሰው በአንጎል ውስጥ በተለያየ ክፍል የሚቀመጡ መሆናቸውን ነው። ምክር፥ መሐላ፥ የአዲስ ዓመት ስለት የሚገቡት በአንደኛው በር ነው፤ ልማድ የተቀመጠው በሌላው ጓዳ ነው። በምክር ብቻ ልማድ ሲለወጥ ያላየነው ስለዚህ ይመስለናል።

የውጭው ጫፍ ምን ያህል ብርቱ እንደ ሆነ የሚያሳይ አንድ ቀላል ነገር እንንገራችሁ። በ2011 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ነው። ወደ ሲኒማ ቤት ለገቡ ሰዎች ፈንዲሻ ታደላቸው፤ ለገሚሱ ትኩስ፥ ለገሚሱ ሰባት ቀን የቆየ። በሲኒማ ቤት ፈንዲሻ መብላት የለመዱት ሰዎች የቆየውን ከትኩሱ ሳያሳንሱ በሉት። ሲጠየቁ አይጥምም ይላሉ፤ እጃቸው ግን አላቆመም። ይኸው የቆየ ፈንዲሻ በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ በቀረበ ጊዜ ልማደኞቹ ተዉት። እንደገና በሲኒማ ቤት ውስጥ፥ ባልለመዱት እጃቸው እንዲበሉ በታዘዙ ጊዜ ልማዱ ተሰናከለና የሚበሉትን መቅመስ ጀመሩ። አፉም፥ ምላሱም፥ ሰውዬውም ያው ነው። የተለወጠው አዳራሹና እጁ ነው።

ነገሩ በፈንዲሻ የሚቀር እንዳይመስላችሁ፥ ስለ ቬትናም ወታደሮች የተጠናውን እንጨምራለን። ሊ ሮቢንስ የተባለች ተመራማሪ በ1971 ከቬትናም ወደ አገራቸው የተመለሱ አሜሪካውያን ወታደሮችን መረመረች። ከአምስቱ አንዱ ያህል በዚያ ሳሉ የሄሮይን ወይም የመሰለው ነገር ሱሰኛ እንደ ነበሩ ራሳቸው ተናገሩ። መንግሥቱ ተጨነቀ፤ ከተማው በሱሰኛ ይሞላል ተባለ። ነገር ግን በተመለሱ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ እንደገና ሱሰኛ ሆነው የተገኙት ከነዚህ ውስጥ 5 ከመቶ ያህል ብቻ ሆኑ። በእርግጥ በአገራቸው ዕፁ እንደ ቬትናም ርካሽና ቅርብ አልነበረም፤ ጦርነቱም፥ ፍርሀቱም፥ ሥራ መፍታቱም ቀርቷል። ይህ ሁሉ ግን የኛን ነገር ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። በቬትናም የነበረው የውጭ ጫፍ በአገራቸው የሚታሰርበት ነገር አጣ።

ወደ ራሳችን አገር ስንመለስ፥ ማንም ሊቅ ሳያስተምረን ይህን ነገር ስንሠራበት የኖርን ሕዝብ ነን። የዐቢይ ጾምን ተመልከቱ። እምነቱ የሚገባው ለሌላ መምህር ነው፤ እኛ የምንናገረው በሳይኮሎጂ ወገን ስለሚታየው ብቻ ነው። በቅበላ እሑድ ማታ ሥጋ የበላ ሰው ሰኞ ሽሮ ሲቀርብለት ከራሱ ጋር ክርክር አይገጥምም። ቀስ በቀስ ልቀንስ፥ ዛሬ ግማሽ ነገ ሩብ አይልም። ሚሊዮን ሕዝብ በአንድ ሌሊት አመጋገቡን ይለውጣል። ሁሉም ብርቱ ፈቃድ ስላለው ነውን? ከነርሱ መካከል እኮ ሲጋራ መተው አቅቶት ዓመት ሙሉ የሚምል ሰው ሞልቷል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቀኑ አስቀድሞ ታውቋል፤ ልኳንዳው ብዙው ይዘጋል፤ ቅቤው ከመደርደሪያ ይነሣል፤ ጎረቤት ይጾማል፤ ምግብ ቤት ገብቶ የጾም አለ? ብሎ የሚጠይቅ ሰው አስተናጋጁን አያስገርምም። ሰውዬው ከመፍረዱ በፊት አገሩ ፈርዶለታል። የረመዳን ጾምም እንዲሁ ነው፤ ከሌሊቱ ምግብ እስከ ማፍጠሪያው ሰዓት ድረስ ቀኑን የሚያስተካክለው የአንድ ሰው ቍርጥ ሐሳብ ብቻ ሳይሆን ቤቱና ሰፈሩ ነው።

ከዚህ ደግሞ ሁለተኛ ነገር እናያለን። ማክስዌል ማልትዝ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1960 ባወጣው መጽሐፍ፥ ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው ጻፈ። ቢያንስና ገደማ የሚሉት ቃላት በመንገድ ወደቁና፥ ዛሬ ማንኛውም ልማድ በ21 ቀን ይለወጣል እየተባለ በየስልኩ ይሰበካል። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ 55 ቀን የጾመ ሰው ሥጋን ረስቶ በቀረ ነበር። በፋሲካ ሌሊት ዶሮ ሲጮኽ ምን እንደሚሆን ግን ሁላችን እናውቃለን። ልማድ የሚሠራው በቀን ቍጥር ብቻ አይደለም። የጾሙ ልማድ ከጾሙ ጋር ታስሯል፤ የዶሮው ወጥ ልማድ ከበዓሉ ጋር ታስሮ ሳይነካ ቆይቷል። አንዱ ሌላውን አልገደለውም፤ ተራ ጠበቀ እንጂ።

የቀኑን ቍጥር በቅርቡ የመረመረችው በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊ ናት። በ2010 በታተመው ጥናት 96 ፈቃደኞች እያንዳንዳቸው አንድ ትንሽ ነገር መረጡ። ከምሳ ጋር ፍሬ መብላት፥ ከእራት በፊት ጥቂት መሮጥ የመሰለ ነው። ለ12 ሳምንትም በየቀኑ ጻፉ። ነገሩ ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን ድረስ የፈጀው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ነበር፤ አንዱ በ18 ቀን ሲለምድ ሌላው በስሌቱ መሠረት እስከ 254 ቀን ይሄዳል። ለኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን ሌላው ግኝት ነው፤ አንድ ቀን መሳት የተጀመረውን አላፈረሰም። ስንቶቻችን ነን ማክሰኞ ስለ ቀረብን ብቻ ረቡዕን የተውነው!

አሁን ወደ ግቢያችን ልንገባ ነው፤ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ደጃፍ ቀርቶናል። ቦታው ሲለወጥ የቆየው ልማድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዘው ያጣል። ስዊድን በ1967 ሴፕቴምበር 3 ቀን መኪና ከግራ ወደ ቀኝ እንዲሄድ አደረገች፤ አገራችን ይህን ለውጥ ያደረገችው በ1964 ነው። በስዊድን አደጋ ይበዛል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ አደጋው ለጊዜው ቀነሰ። ነጂው ልማዱን ስለ ተቀማ ዐይኑን ከፍቶ ይነዳ ጀመር። ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው አዲሱ ልማድ ቦታውን ያዘና አደጋው ወደ ቀድሞው መጠን ተመለሰ። ዌንዲ ውድና ባልደረቦቿም በ2005 ባሳተሙት ጥናት ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላ የተዛወሩ ተማሪዎችን ተመለከቱ። ስፖርት፥ ጋዜጣ ማንበብና ቴሌቪዥን ማየት የመሳሰለው ልማድ የቆየው፥ በአዲሱ ስፍራ ያለው ሁኔታ የቀድሞውን በመሰለበት ነው። ባልመሰለበት ክፉውም በጎውም አብሮ ረገፈ።

እንግዲህ ከሩቅ አገር የመጣውን የአንደኛ ዓመት ተማሪ አስቡት። በቤቱ ሳለ የሚያጠናባት አንዲት ጥግ ነበረችው። እራት ይበላል፤ ማዕዱ ይነሣል፤ እናቱ አትረብሹት ትላለች፤ ታናናሾቹ ዝም ይላሉ፤ መብራቱ ወደርሱ ይጠጋል። እርሱ ጎበዝ ነኝ ይላል፤ ጉብዝናው ግን ገሚሱ በዚያች ጥግ፥ በዚያች መብራትና በእናቱ ድምፅ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። መጽሐፉን፥ ብርድ ልብሱን፥ በሶውን ይዞ መጣ። ጥግዋ ግን በሻንጣ አትጫንም። እዚህ ሲደርስ ያገኘው አንድ አልጋ ነው። በዚያው አልጋ ይተኛል፥ በዚያው ይጫወታል፥ በዚያው ይበላል፥ በዚያው ሊያነብም ይሞክራል። አልጋው ምን እንደሚያሳስበው አያውቅም፤ ስለዚህ እንቅልፉን ያሳስበዋል። በዚያ ክፍል ውስጥ ሌሎች ሰባት ሰዎች አሉ፤ እነርሱም የየራሳቸውን ጥግ ትተው የመጡ ናቸው።

በዚህ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የምናሳልፍበትን መንገድ ጨምሩበት። ከላይ እንዳልነው ይህ ጊዜ የቆየው ልማድ የረገፈበት፥ አዲሱም ያልተተከለበት ነው። በግቢያችን ግን ይህ ጊዜ በመዝገብ ቤት ሰልፍ፥ በመታወቂያ ፍለጋና መምህሩ አልመጣም በሚል ማስታወቂያ ያልቃል። ልማድ ባዶ ቦታ አይወድም። ትምህርቱ ሳይጀመር የሻይ ቤቱ ወንበር ሰዓቱን ይይዛል፤ ከእራት በኋላ ያለው ጊዜ ለካርታ ጨዋታ ይመደባል። ትምህርቱ የሚጀመረው መሬቱ ተዘርቶ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ተማሪውን ስለ ስንፍናው መገሠጽ፥ የዘገየው አስተዳደር ያለፈውን ዕዳ ከተማሪው ኪስ ማስከፈል ይመስለናል። በዚህ ጉዳይ መምህሮቻችን ሊቀየሙን ይችላሉ፤ ነገር ግን ከመካከላቸውም ይህን የሚሉ አሉ።

የእጅ ስልክን ነገር ሳናነሣ ብናልፍ ሁላችሁም ትስቁብናላችሁ። ብዙዎች ስልክን እንደ ክፉ ልማድ ይቈጥሩታል። እኛ ግን ስልክ ልማድ ሳይሆን ቦታ ነው እንላለን። ሻይ ቤቱ፥ ገበያው፥ የሰፈሩ ወሬ፥ ኳስ ሜዳው ሁሉ በውስጡ አለ። ሌላው ቦታ ባለበት ሲቀር ይህ ግን አብሮን ይሄዳል፤ ቤተ መጻሕፍት ስንገባ ኳስ ሜዳውን በኪሳችን ይዘን እንገባለን ማለት ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አላየውም ማለት፥ በቅበላ ማግሥት ጥብሱን ፊት ለፊት አስቀምጦ ሽሮ እንደ መብላት ነው። በመኝታ ክፍል ቁም ሣጥን ቆልፎበት መሄድ ይቀላል። ቁልፉ ወኔን አይጠይቅም።

አንድ መምህር ይህን ንግግር ስናዘጋጅ ሰምተውን፥ እንዲህ ከሆነ እንግዲህ የሰው ኀላፊነት የት ገባ? ብለው ጠየቁን። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ኀላፊነቱ አልጠፋም፤ ሰዓቱ ተለወጠ እንጂ። ፈተናው ከመጣ በኋላ ከመታገል፥ ሳይመጣ በፊት ቦታውን ማዘጋጀት ነው። ለዚህ የሚረዳ አንድ የተፈተነ ዘዴ አለ። ፒተር ጎልዊትዘርና ባልደረባው በ1997 ባሳተሙት ጥናት በጀርመን አገር ተማሪዎች የገናን ዋዜማ እንዴት እንዳሳለፉ ጽፈው በሁለት ቀን ውስጥ እንዲልኩ ተጠየቁ። ገሚሶቹ እሺ ብለው ሄዱ። ገሚሶቹ ደግሞ በስንት ሰዓትና በየትኛው ስፍራ ተቀምጠው እንደሚጽፉ አስቀድመው እንዲወስኑ ተደረገ። ሰዓትና ስፍራ ከወሰኑት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ጽፈው ላኩ፤ ከሌሎቹ ግን ከሦስቱ አንዱ ያህል ብቻ። ሥር የሰደደ ልማድ ሲገጥመው የዚህ ዘዴ ኀይል ይቀንሳል፤ ለአዲስ ነገር መጀመሪያ ግን በጣም ይረዳል። ዘንድሮ አጠናለሁ ማለትና፥ ከእራት በኋላ ከምግብ ቤቱ በር ስወጣ ወደ ግራ ታጥፌ በቤተ መጻሕፍቱ መስኮት አጠገብ እቀመጣለሁ ማለት እጅግ የተራራቁ ናቸው። በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ውስጥ በሩ ራሱ ያስታውሳል።

ለመዞር መታጠፊያ ሲገኝ ነው እንግዲህ። በየመኝታ ቤቱ ሕንፃ አንድ ክፍል አልጋው ወጥቶ ጠረጴዛ ቢገባበት፥ የቤተ መጻሕፍቱም በር ከእራት በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ቢከፈት፥ አዲስ ገቢዎችም በደረሱ በሁለተኛው ቀን ከመታወቂያው በፊት የንባብ ቦታቸው ቢታያቸው፥ ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ማኅበራችን ይህን በጽሑፍ ለአስተዳደሩ አቅርቧል፤ መልሱ በመጣ ጊዜ በዚሁ ጋዜጣ እናወጣዋለን።

እስከዚያው ድረስ በእጃችን ያለውን እንሞክራለን። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ቍርጥራጭ ወረቀት ታገኛላችሁ። የምትፈልጉትን አንድ ነገር ብቻ፥ ሰዓቱንና ስፍራውን ጨምራችሁ ጻፉ። ስም አያስፈልግም፤ የምትመርጡትን ምልክት አድርጉበት። የዛሬ 10 ሳምንት ዓርብ በዚሁ አዳራሽ ወረቀቶቹን እናወጣና የሆነላችሁም ያልሆነላችሁም ምን እንደ ረዳና ምን እንዳሰናከለ ትነግሩናላችሁ፤ ያልሆነላቸው ቢበዙ ይበልጥ እንማራለን። እርሳስ ያልያዘ ከጸሐፊያችን ይዋስ፤ ሲጨርስም ይመልስላቸው፤ ያላቸው ሦስት ብቻ ነው።